ይድረስ ለተከበሩ አቶ የማዳበሪያ ድጎማ

ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የሰሜን ሸዋ፣ የሞረትና ጅሩ ገበሬዎች ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ድምፅዎን በሬዲዮ እንሰማለን። ቢሊዮንዎ ሲጠራ ቤቱ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። እርስዎ ባይኖሩ የማዳበሪያው ኩንታል ዋጋ የት ይደርስ እንደነበር በየስብሰባው ይነገረናል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ችግሩ ያልከፈልነውን ብር አይተነው አናውቅም። የምናውቀው የከፈልነውን ነው። እሱ ደግሞ ካምናው ይበልጣል፤ ስሙ ግን «ቅናሽ» ነው።

ታሪክዎን አልዘነጋሁም። በ1989 ዓ.ም. ነፃ ገበያ ነው ተብሎ ተሰናበቱ። በ2014 የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ዋጋ ሲሰቅለው በ15 ቢሊዮን ብር ታጅበው ብቅ አሉ። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩን ዋጋ ገበያ ይወስን ሲባል ደግሞ ሥራ በዛብዎ። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ነው የሚገባው። እርስዎ በአንድ እጅ ሲያወርዱት ዶላሩ በሁለት እጁ ይሰቅለዋል። በዚህስ አልፈርድብዎትም።

የምፈርድብዎ በቀጠሮ ነው። መረሬው፣ ጥቁሩ የጅሩ አፈር፣ ቀልድ አያውቅም። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል። መደቡን አውጥተን፣ ውሃውን አጠንፍፈን፣ ዘሩን ኤንፒኤስ ከሚባለው ማዳበሪያ ጋር በጊዜ ካልጣልን አበቃ። ሌላው ማዳበሪያ፣ ዩሪያው፣ ሁለቴ ይፈለጋል፤ ከፊሉ በዘር ሰዓት፣ የቀረው ስንዴው በበቀለ በወሩ ገደማ። እርስዎ ሁለቱንም ያሳልፉና ነሐሴ ላይ ከች ይላሉ። እኛስ ፍልሰታን እንጹም፤ ስንዴው ምን በደለ?

መጋዘኑ በር ላይ ያለው ጉድማ ይለያል። ምስር ሸጠን ብሩን አስቀድመን ገቢ አድርገናል። ደረሰኙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሳችን ውስጥ ነው። አህያው ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጣቱን ዝርዝሩ ላይ ቁልቁል ይነዳና «ስምህ የለም፣ ነገ ተመለስ» ይላል። ጎረቤቴ ስሙ ተገኘ፤ ግን አንዱን ጆንያ ለሦስት ተካፈሉ ተባሉ። ሦስት ጎልማሶች ጋቢ አንጥፈው ዩሪያ በጣሳ ሲሰፍሩ ያየ ሰው ቅርጫ የገቡ ይመስለዋል። አንዱ ጣሳው ጠርዝ ላይ የቀረችውን በጣቱ ጠርጎ ወደ ድርሻው መለሳት። ምን ያድርግ፣ የተደጎመች ፍሬ ናት!

ማታ ማታ ደግሞ ገበያው ዳር ያለ ዝርዝር፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ጭብጨባ ማዳበሪያ ይገኛል። ጆንያው ያው ነው። ስፌቱም ያው። ዋጋው ብቻ እርስዎን የሚያውቅ አይመስልም።

እባክዎ ከቢሊዮኑ ወረድ ይበሉና በሰኔ ይምጡልን። ቅናሹ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። የጅሩ ሰንጋ እንኳ ለፋሲካ በሰዓቱ አዲስ አበባ ይደርሳል። እርስዎ ከአዲስ አበባ የወረዳችን ከተማ እነዋሪ መድረስ ምነው አቃተዎ? መንገዱ ያው እኮ ነው።

አክባሪዎ፣
ስሙ ከዝርዝር የጠፋው ገበሬ

ግልባጭ፦
ለደላላው። አድራሻዎን የሚያውቀው እሱ ነው።