የሥዕሉን ሰዓት ለልጆቹ መልሱላቸው

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ተግሳጽ የምጽፍላችሁ ከሩቅ ቆሞ እንደሚታዘብ ባዕድ ሆኜ ስላይደለ፣ ቃሌ ቢከብዳችሁ እንኳ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ። የዚሁ ደጋ ልጅ ነኝ፤ በግ ስጠብቅ ያደግሁ፣ ከምድጃ ባነሣሁት ከሰል የካብ ድንጋይ ላይ የሣልሁ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቼ ሥዕል የተማርሁ ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እየመጣሁ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ሕፃናትን ሥዕል አስተምራለሁ። ስንመጣ በደስታ ትቀበሉናላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን እኛን ስታከብሩ ልጆቻችሁን እየበደላችሁ ነውና የምወቅሳችሁ በዚሁ ነው።

አምና ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ሆነን ሄድን። የደረስነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ልጆቹ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ወደ ክፍል አልገቡም፤ እኛን በጭብጨባ እንዲቀበሉ በሰልፍ እንደ ቆሙ ቆይተዋል። በበሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል። ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፣ ከወረዳ የመጡት ኃላፊም ንግግር አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ ገብተን ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡናው ተቆልቶ እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። እኔ ደጋግሜ ሰዓቴን ባይም ለመነሣት የሚፈቅድልን አልነበረም። ወደ ክፍል ስንገባ ለጠዋቱ ፈረቃ የቀረው ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ረድፍ አንድ ልጅ በፌስታል ጠቅልሎ ከቤቱ ያመጣውን ከሰል በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ከሰል ይዛችሁ ኑ ብለን ከሳምንት በፊት መልእክት ልከን ስለነበር ነው። መዳፉ ጠቁሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከእጁ እንዳላወጣው ያስታውቃል። ወረቀቱን አድለን ጨርሰን፣ ልጁም ገና አንዲት መስመር እንዳሰመረ፣ ደጅ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተመታና ሌላው ፈረቃ ለመግባት በሩ ላይ ተጋፋ።

እንግዳ ማክበር የአገራችን ወግ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ወጉን አልንቅም። ሥዕል ሊያስተምር የመጣ ሰው ግን ለሠርግ የመጣ ሰው አይደለም። ለእርሱ ከሁሉ የሚበልጠው መስተንግዶ ተጠርጎ ባዶ የሆነ ጠረጴዛ፣ አንድ ባልዲ ውኃና ያልተሸራረፈ ሰዓት ነው። አርባ ደቂቃ የማትሞላ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኀምሳና ከስልሳ ልጅ ጋር ምን ያህል እንደምታጥር መምህራን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ስጡን፣ ቡናውንም ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አፍሉልን።

ከዚህ የሚበልጠው ጥፋት የሚፈጸመው ግን እኛ በሌለንበት ነው። በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል፣ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይም ስሙ ተጽፎ በየክፍሉ ተለጥፏል። በተግባር ሲታይ ግን ይህ ክፍለ ጊዜ ባለቤት የለውም። የሒሳብ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሲቀር ማካካሻ የሚሆነው እርሱ ነው፤ ስብሰባ ሲጠራ የሚታጠፈው እርሱ ነው፤ መምህር ሲመደብለትም በሙያው የሠለጠነ ሰው ተፈልጎ ሳይሆን የሳምንት ክፍለ ጊዜው ለጎደለው መምህር ማሟያ ተብሎ ነው። መምህራኑን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ይሆንብኛል፤ ራሳቸው በልጅነታቸው ያልተማሩትን አስተምሩ ተብለዋልና። እናንተ ወላጆች ግን በወላጅ ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ «ልጄ በዚህ ሳምንት ምን ሣለ?» ብላችሁ ስትጠይቁ አንድም ቀን አልሰማሁም።

በቋንቋችን ትምህርትን ራሱን «ቀለም» እንላለን፤ ልጁ ቶሎ ሲገባው «ቀለም ይቀበላል» እንላለን። ይህን የሚል ሕዝብ እውነተኛውን ቀለም ከልጆቹ እጅ ሲነጥቅ ማየት ያሳዝነኛል። ምን እየነጠቃችሁ እንደ ሆነ እንድታውቁ አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ መንዝ በኩል በአንድ የሦስተኛ ክፍል ውስጥ ልጆቹን የቀለም ስም ጠየቅኋቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ የቤታችሁን በግ ንገሩኝ ስላቸው ክፍሉ ተናወጠ፤ ዳለቻ አለ፣ ቡላ አለ፣ ቡሬ አለ፣ ቦቃ አለ። አንዲት ልጅ ብድግ ብላ ዳለቻውና ቡላው በምን እንደሚለዩ፣ ዳለቻውም ዝናብ ሲመታው እንዴት እንደሚጠቁር አስረዳችን። ያን ጊዜ ነጭ አፈር፣ ጥላሸትና ጥቂት ቀይ አፈር በሦስት ጣሳ ክዳን ላይ አቀረብሁላትና ዳለቻውን አውጪው አልኋት። ጥላሸቱን አብዝታ ጨመረች፣ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ነጩን ጨመረች፤ አሁንም አልወደደችውም። በመጨረሻ በጣቷ ጫፍ ቀዩን አፈር ጥቂት ነካ አድርጋ ስታዋሕደው የበጓ ቀለም ወረቀቱ ላይ መጣ። ምንም ሳትናገር ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብቼ በወራት የተማርሁትን ግራጫን በሌላ ቀለም የማሞቅ ነገር፣ እርሷ ዓይኗ ቀድሞ ያውቀው ስለነበር በአንድ ጠዋት አገኘችው። እናቷ ጥቁሩንና ነጩን ሱፍ ለይታ በእንዝርት ስትፈትል፣ አባቷ ባናውን ሲሸምን እያየች ያደገች ልጅ ናትና።

እንዲህ ያለችውን ልጅ በዘወትሩ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ምን ታሥሏታላችሁ? ሰሌዳ ላይ አንድ ቤት ትሥላላችሁ፤ ጣሪያው ሦስት ማዕዘን፣ በሩ መካከል ላይ፣ በጎኑ የዘንባባ ዛፍ፣ በላዩ ጨረር ያላት ፀሐይ። ከዚያም ይህንኑ ገልብጡ ትላላችሁ። ዘንባባ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ጽዱንና ኮሶውን፣ የጓሳውን ሣርና የድንጋይ ካቡን ትቶ ዘንባባ ይገለብጣል። በጉን ሰማያዊ አድርጎ የቀባ ልጅ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት ተደርጎበት አይቻለሁ። ሥዕል የቃላት ፈተና አይደለም፤ ልጁ በማለዳ ጉም ውስጥ ያየው በግ ሰማያዊ መስሎት ይሆናል፤ መጀመሪያ ጠይቁት። ልጅ ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ሲሞላው የሣለው ነገር ያየውን አልመስል እያለ ያበሳጨዋል፤ «እኔ ሥዕል አልችልም» ማለት የሚጀምረውም በዚያው ዕድሜ ነው። የእናንተ ቀይ እስክሪብቶ የሚደርሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነውና ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አልችልም እንዳለ ይቀራል። በዚያ ዕድሜ የሚፈልገው አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ የበጉን ጆሮ እንደገና አብረን እንየው» የሚለው ሰው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሥዕል እንጀራ ይሆነዋል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይህን ጥያቄ በዚህ ምድር ላይ ቆማችሁ መጠየቃችሁ ይገርመኛል። የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ የሥዕል ተሰጥኦአቸውን ያዩ መምህራን አበረታቷቸውና መንገዳቸውን ወደ ሥነ ጥበብ አዞሩ። ዛሬ አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕላቸውን ብዙ የአህጉሩ መሪዎች አይተውታል። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም የሰላሌ ሰው ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እነዚህን የጠቀስሁት ግን ልጆቻችሁ ሁሉ ሠዓሊ ይሁኑ ለማለት አይደለም። ከስልሳ ልጅ አንዱም ሠዓሊ ላይሆን ይችላል። ሆኖም ሐኪሟ የበሽተኛዋን ፊት፣ ገበሬው የቡቃያውን ቅጠል፣ አናጺው የግድግዳውን ቀጥታ ለይተው የሚያዩት አተኩረው ማየት የለመዱ ከሆነ ነው፤ ሥዕል በልጅነት የሚያስለምደውም ይህንኑ አተኩሮ ማየት ነው። ገና ፊደል የሚጽፍ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጣቶቹ የሚፍታቱትም እንደ ልቡ ሲሥል ነው።

«ቁሳቁስ የለንም» የሚለውን ምክንያት ከእንግዲህ አታቅርቡልኝ። ጥንት የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸትና ካረረ እህል ሲያወጡ የኖሩበት አገር ነው። ከወንዝ ዳር ቀጫጭን የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ልጣጩን ላጡት፤ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አጥብቃችሁ ደርድሩት፤ ክዳኑን በምስማር አንድ ጊዜ ብሱና ገጥማችሁ እሳት ውስጥ ክተቱት። በቀዳዳው የሚወጣው ጢስ ሲያበቃ አውጡትና ሳትከፍቱ አቀዝቅዙት፤ ቀድማችሁ ከከፈታችሁት ነፋስ ያገኘውና አመድ ይሆናል። እኛ በገንዘብ የምንገዛውን የመሣያ ከሰል ያህል ጥሩ ነው። እናቶቻችን ለበዓል ግድግዳ የሚለቀልቁበትን ነጭና ቀይ አፈር በነጠላ ቁራጭ ንፉት፣ በውኃ አዝቅጡት፣ ሲደርቅ አድቅቃችሁ በእንቁላል አስኳልና በጥቂት ውኃ ለውሱት፤ ቀለም ሆነላችሁ። ወረቀት ከጠፋ የሳሙና ካርቶን ይበቃል።

ስለ አንድ ነገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልናገር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሷል፤ ብዙ ሕዝብም ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ገብቷል። ይህን ያዩና በቤታቸው ሲወራ የሰሙ ልጆች ወረቀት ሲሰጣቸው ጠመንጃና የሚነድ ቤት ይሥላሉ። አንድ መምህር ከእንዲህ ዓይነቷ ልጅ እጅ ወረቀቱን ነጥቀው «ይህን ተዪ፣ አበባ ሣይ» ሲሏት ሰምቻለሁ፤ ክፋት አልነበራቸውም፣ ደንግጠው ነው። ወገኖቼ፣ እንዲህ አታድርጉ። አትጎትጉቷት፣ ለጎብኚም አታሳዩባት፤ ሥዕሉንም አትንጠቋት። ትጨርሰው። መናገር ከፈለገች ስሙአት፤ ካልፈለገች ሌላ ወረቀት ስጧት። እንቅልፏን የሚነሣት፣ ከሰው የሚያርቃት ነገር እንዳለ ካያችሁ ግን ለወላጆቿ በእርጋታ ንገሩና ወደ ባለሙያ ትድረስ።

እናንተ የሙያ ባልደረቦቼም ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። አንድ ቀን መጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥታችሁ፣ ከለሩን በካርቶን ሰጥታችሁ፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በራሳችሁ እጅ አሳምራችሁ ትሄዳላችሁ። ግድግዳው የእናንተ ሥራ ማሳያ ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹ ብሩሽ አልነኩም። ከለሩም ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሲደርቅ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። ዐሥር ትምህርት ቤት አንድ አንድ ቀን ከምታዳርሱ በአንዱ ትምህርት ቤት ዐሥር ቀን ተቀመጡ። ከልጆቹ ይልቅ መምህሯን አስተምሩ፤ እናንተ አውቶቡስ ስትሳፈሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከልጆቹ ጋር የምትቀረው እርሷ ናት።

ዘንድሮም እንመጣለን። ባነር አታሠሩ፤ የባነሩን ዋጋ ወረቀት ግዙበት። ሰልፍ አታሰልፉ። የክፍሉን ወንበሮች ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ መሬቱን ባዶ አድርጉልን፤ ውኃ ቅዱልን፤ በዚያች ክፍል የምታስተምረው መምህርትም ለሌላ ሥራ አትጠራብን፣ አብራን ትቀመጥ። ከሄድን በኋላ ልጆቹ የሣሉትን ለጎብኚ ብላችሁ ቢሮ ውስጥ አትስቀሉት፤ ለእናቶቻቸው ያሳዩት ዘንድ ወደ ቤት ይውሰዱት። ከሰሉን ልጆቹ ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።