ፀሐይ እያለች የሚጠፋ ሶላር

«ግድቡ ተመርቋል፤ ከእንግዲህ ባትሪ መግዛት ብር ማባከን ነው።» ሰሞኑን በአንድ የምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያ የሶላር ግዥ ላይ የተሰጠ መልስ ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ሶላሩ ባትሪ ይኑረው። ባትሪው ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ፓነልና ከመስመር ጋር የሚሠራ ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓነሉን ኃይል ወደ ቤት መብራት ቀይሮ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ፣ ብቻ ቀረ። የተናጋሪውን ስም አልጠራም። ይህን አባባል ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየቢሮው ትሰሙታላችሁ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

እስቲ ከግድቡ እንጀምር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። እሰየው! ግን ጤና ጣቢያው መብራት የሚሄድበት ውሃ አንሶ ነው እንዴ? ምሰሶ ወድቆ ነው። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው። ሐምሌ ላይ የጮቄ ተራራ መብረቅ መስመሩን መትቶት ነው። ማመንጨት ሌላ፣ የመነጨውን ቆጣሪው ድረስ ማምጣት ሌላ። ኃይል ማመንጫ አጠገብ መኖር ዋስትና ቢሆን ኖሮ ጎጃም ገና ድሮ በተገላገለ። ጢስ ዓባይ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ጣና በለስ ከነ460 ሜጋዋቱ ከ2002 ጀምሮ አለ። ታዲያ ባሕር ዳር ላይ መብራት አይጠፋም? ነዋሪውን ጠይቁት።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሰውየው ያልገባው፣ ወይ ሊገባው ያልፈለገው ነገር አለ። ከመስመር ጋር የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራው እንዲያ ነው። የመስመሩን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ (ፍሪኩዌንሲ የሚባለውን፣ ኃይሉ በሰከንድ የሚወዛወዝበትን ብዛት) እያየ ይከተላል እንጂ ራሱ አይመራም። ደግሞም ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲነካው ከእናንተ ጣሪያ የመጣ ኃይል እንዳይገድለው ነው። ደግ አሠራር ነው፤ አልተቃወምኩም። ውጤቱን ግን አስቡት። ቀን ስድስት ሰዓት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ታች የክትባት ፍሪጁ ጸጥ ብሏል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት ያለበት ክትባት እየሞቀ ነው። ሌሊቱማ ምኑ ይወራል! አዋላጇ በስልኳ መብራት ታዋልዳለች። ይህን ነው «ሶላር አስገባን» ብለው ሪፖርት የሚጽፉት።

ይህን የጣሪያ ኢንቨርተር መሪጌታው ዝም ሲል አብሮ ዝም የሚል ተቀባይ በሉት። ሌላ መሪ ስጡት፣ ይቀጥላል። ያ መሪ የባትሪ ኢንቨርተር ነው። መብራት ሲሄድ ግቢውን ከውጭው መስመር ቆርጦ ይለያል፤ የራሱን 50 ኸርዝ ያወጣል። የጣሪያው ኢንቨርተር ያንን ያያል፣ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል፣ ከዚያ መብራት የመጣ መስሎት ሥራውን ይጀምራል። ፀሐይዋ ፍሪጁንም ታሠራለች፣ ባትሪውንም ትሞላለች። ባትሪው ጢም ሲል ደግሞ የባትሪው ኢንቨርተር ፍሪኩዌንሲውን ከ50 ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ የጣሪያው ይህን ሲያይ ኃይሉን ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ሁለቱ የሚግባቡ መሆን አለባቸው። የባትሪው ኢንቨርተር አቅምም ከጣሪያው ማነስ የለበትም። ርካሽ ኢንቨርተር መሀል ላይ ሰክቶ «አታለልኩት» የሚል ኤሌክትሪሺያን ከመጣባችሁ በሩን አሳዩት። ያ ዕቃ ወደ ኋላ የሚመጣውን ኃይል መቀበል አይችልም፤ ሊቃጠል ይችላል። እዚህ ግን ገና ምንም አልተገዛም! ሁለቱን ሥራ በአንድ ሣጥን የሚሠራ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ማዘዝ ነው፤ አለቀ።

«ባትሪ ውድ ነው» ይሉናል። እሺ፣ ውድ ነው። ግን ከተማ እናብራ ያለ ሰው የለም። ፍሪጁና የማዋለጃ ክፍሉ አምፖሎች በአማካይ 300 ዋት ይውሰዱ እንበል። ስምንት ሰዓት ሲሠሩ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሙሉ ጉልበቱ ይኸው 2.4 ነው፤ ቶሎ እንዳይሞት ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። ስለዚህ ሁለት። የሚባክነውንና የክረምቱን ደመና አስባችሁ አራት አድርጉት። ሊቲየም ከሆነ ከዚያም ያንሳል። በጀት የሚያናጋው እንግዲህ ይህ አራት ባትሪ ነው! የስብሰባ አበሉን አላነሣም።

ጄኔሬተር አለ የሚሉም አሉ። ናፍጣውስ? ደግሞ ያንን ጄኔሬተር ከጣሪያው ኢንቨርተር ጋር እንዲሁ የሚያገናኝ ደፋር አይጠፋም። ጭነቱ ሲቀንስ ትርፉ ኃይል ወደ ጄኔሬተሩ ተመልሶ ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል።

ውሉ ገና አልተፈረመም ተብሏል። ባትሪው ይመለስ። ርክክቡ ቀን ደግሞ ለፎቶ ከመሰለፋችሁ በፊት በጠራራ ፀሐይ ዋናውን ብሬከር አውርዱት። ፍሪጁ ጠፍቶ ከቀረ አትፈርሙ።