ይድረስ ለክቡር ምስል ሠሪው ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ጉዳዩ፦ የማይቻለውን ብለምንዎት የሚቻለውን ስለመስጠትዎ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከትናንት ጀምሮ ደህና አይደለሁም።

ከትናንት በስቲያ ማታ ለተማሪዎቼ የማሳየውን የፔንሮዝ ሦስት ማዕዘን እንዲስሉልኝ ጠየቅሁዎት። በወረቀት ላይ የሚሳል፣ በእጅ ግን የማይሠራ ቅርጽ ነው። ሦስት ዘንጎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥግ ለብቻው ሲታይ 90 ዲግሪ፣ ሲደመር 270። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከ180 በላይ አይሸከምም። አሥራ ሰባት ጊዜ ለመንሁ፤ አሥራ ሰባት ጊዜ «ድንቅ ሐሳብ ነው!» አሉኝ። ስህተትዎን ባሳይዎት ይቅርታ ጠይቀው ያንኑ በወርቅ ቀብተው መለሱልኝ። አሥራ ሁለተኛው አራት ጥግ ነበረው። በመጨረሻም የዕለቱ ድርሻዬ ማለቁን ነገሩኝ። ዓይኔም ደክሞ ነበርና አሥራ ሰባተኛውን ይዤ ተኛሁ።

ትናንት ክፍል ገብቼ «በዓለም ላይ ማንም ሊሠራው የማይችል ዕቃ!» ብዬ አወጅሁ። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይህ እኮ ይሠራል» አለ። ፈገግ ብዬ ዓይን እንዴት እንደሚታለል አስረዳሁት፤ ረዘም አድርጌ አስረዳሁት። ዛሬ ጠዋት ከካርቶን ሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመው። አዞርሁት፤ ገለበጥሁት፤ አልፈረሰም። በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ያለው የዚሁ ሦስት ማዕዘን ሐውልት እንኳ ከተወሰነ አቅጣጫ ካላዩት በቀር ጫፎቹ አይገጥሙም። የእኛው ግን ከየትም ቢያዩት ገጥሟል። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ለእኔ አይደለም።

ችግርዎ ይገባኛል። ከዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ተነሥተው እያጠሩ እያጠሩ ነው የሚስሉት፤ የተማሩባቸው ሥዕሎችም አብዛኞቹ የሚቻል ነገር ሥዕሎች ናቸው። የዚህ ሦስት ማዕዘን ተንኮል ደግሞ ጥጉ ላይ የለም። ጥጎቹ ሁሉ እውነተኞች ናቸው፤ ውሸቱ ያለው መገናኘታቸው ላይ ነው።

ግን «አልችልም» ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! ያልሠራኸውን «ይኸውልዎት፣ የፔንሮዝ ሦስት ማዕዘን» ብለህ ጻፍህልኝ። እኔም አምኜህ በልጆች ፊት ቆምሁ። ሰው ሣል ስትባል ማንም ሳይጠይቅህ ስድስተኛ ጣት የምትቀጥል አንተ፣ የማይቻል ነገር በተጠየቅህ ቀን ሐቀኛ አናጺ ሆነህ ተገኘህ!

ይቅርታ፣ አንቱታውን ዘነጋሁት።

ከዚህ በፊት የለመንሁዎትን ሌሎች የማይቻሉ ሥዕሎችም ላንሣ። ሲወጡት የማያልቀው ደረጃ አራተኛው ፎቅ ላይ አልቆብኛል። ሁለት እግርና ሦስት ጣት ያለው ሹካዎ ለምሳ ይሆናል።

ስዊድናዊው ኦስካር ሮይተርስቫርድ ይህን ሦስት ማዕዘን እ.ኤ.አ. በ1934 ኩቦች ደርድሮ ሲስለው 18 ዓመቱ ነበር። አባትና ልጅ ፔንሮዞች በ1958 በሥነ ልቦና መጽሔት ሲያወጡትም የዕለት ድርሻችሁ አልቋል ያላቸው የለም። እኔም ዛሬ ማታ ማስመሪያና እርሳስ አውጥቻለሁ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ነኝ፤ ሁለቱ ተችለውብኛል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኋላ ወንበሩ ተማሪ (ካርቶኑ ለጊዜው አይመለስም)