ስሞል ብላይንድ ላይ ሆኖ ጥሩ ካርታ መጠበቅ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የምሽት የፖከር ውድድር ተጫውቶ ገና መውጣቱ ነበር። "ካርታ እምቢ አለኝ። አንድ የረባ እጅ ሳላይ አለቅኩ" አለኝ። አዘንኩለት። ግን የመጨረሻውን አንድ ሰዓት እጅ በእጅ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ሲነግረኝ ካርታውን መውቀስ ከበደኝ።

አንዷን እጅ ላንሳ። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው፤ ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ካርታ መሃል ላይ። ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች ወደዱም ጠሉም ያስይዛሉ። ስሞል ብላይንድ 1,000፣ ቢግ ብላይንድ 2,000። በዚያ ላይ ቢግ ብላይንድ የተቀመጠው ሰው ለጠረጴዛው ሁሉ አንቴ የሚባል የ2,000 መዋጮ ይከፍላል። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይናገር መሃል ላይ 5,000 አለ።

ወዳጄ ስሞል ብላይንድ ላይ ነበር። ያስያዘውን ጨምሮ 20,000 ቺፕ አለው። አሥር ቢግ ብላይንድ መሆኑ ነው። ከሱ በፊት ያሉት ሁሉ ካርታቸውን ጣሉ። የቀረው ከጎኑ ያለው ቢግ ብላይንድ ብቻ ነው፤ አንቴውን ከከፈለ በኋላ እሱም 20,000 አለው። ወዳጄ ካርታውን ቀና አድርጎ አየ። ኪንግና 4፣ ምልክታቸው የተለያየ። ጣለው።

"ታዲያ በኪንግ አራት ከውድድር ልውጣ?" አለኝ።

ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያስበው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። መጣል ምንም የማያስከፍል ይመስላል። ቺፑ ሳይነካ ፊታችን እንደተደረደረ ይቀራል፤ ሰውም አይስቅብንም። ግን ሒሳቡን እንሥራው።

ወዳጄ ያለውን ሁሉ ገፍቶ ኦል ኢን አለ እንበል። ጎረቤቱ ከ100 እጅ 40ውን ይቀበላል፣ 60ውን ይጥላል እንበል። ሲጥል 5,000ው የወዳጄ ነው። 60 በመቶ ስለሆነ በአማካይ 3,000 ያስገኝለታል። ጎረቤቱ ሲቀበል ደግሞ መሃል ላይ 42,000 ይከማቻል። ኪንግ አራት ጎረቤቱ በሚቀበልባቸው እጆች ላይ ከ100 40 ጊዜ ገደማ ያሸንፋል። ከ42,000 ላይ 40 በመቶ 16,800 ነው። ለዚያ የሚጨምረው 19,000 ነው። 2,200 ከሰረ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው 40 በመቶ ጊዜ ስለሆነ ኪሳራው በአማካይ 880 ብቻ ነው። ከ3,000 ላይ 880 ሲቀነስ 2,120 ይተርፋል።

ከአንድ ቢግ ብላይንድ በላይ! ያውም "አልረባም" ተብሎ በተጣለ እጅ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ አሥር ጊዜ ጥሎ የሚያልፍ ሰው፣ በአማካይ ሲታይ አንድ ሙሉ 20,000 ቺፕ ከኪሱ አውጥቶ ለጎረቤቱ እንደሰጠ ነው። ሲሰጥ ማንም አያየውም። ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።

ልብ በሉ፤ ትርፉ የመጣው ከካርታው ጥንካሬ አይደለም። ሲቀበሉት እንዲያውም ይከስራል። ትርፉ የመጣው ጎረቤቱ ሊጥል ስለሚችል ነው። ቀድሞ የሚገፋ ሰው ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው። ወይ ሌላው ይጥላል፣ ወይ ካርታው ያሸንፋል። የሚቀበል ሰው ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

"ጥሩ እጅ ልጠብቅ" የሚለውም በቁጥር ይታይ። ዘጠኝ ሰው ያለበት ጠረጴዛ አንድ ዙር ሲዞር ስሞል ብላይንድ፣ ቢግ ብላይንድና አንቴ ተደምሮ 5,000 ይበላል። 20,000 ቺፕ ያለው ሰው አራት ዙር አለው ማለት ነው፤ ያውም ብላይንዱ ካልጨመረ። ጥንድ 10ና ከዚያ በላይ፣ ወይም አስና ኪንግ የሚመጣው በአማካይ ከ29 እጅ አንዴ ነው። 29 እጅ ደግሞ ከሦስት ዙር በላይ ነው። የተጠበቀው እጅ ሲመጣ በእጅ ያለው 5,000 ሊሆን ይችላል። እሱን በእጥፍ ማሳደግ 10,000 ነው። ከጀመርንበት ግማሽ። ያን ጊዜ ደግሞ በትንሽ ቺፕ የሚፈራ ጎረቤት የለም፤ ሁሉም በምንም ካርታ ይቀበላል።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። በ2007 ዴንማርክ ውስጥ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፒተር ብሮ ሚልተርሰንና ትሮልስ ሶረንሰን ሁለት ሰው የቀረበትን የውድድር መጨረሻ መረመሩ። ብላይንዶቹ 300ና 600፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ቺፕ በሙሉ 8,000 ነበር። ተጫዋቹ ካርታ ሲመጣለት ወይ ኦል ኢን ይላል፣ ወይ ይጥላል። ሌላ ምርጫ የለውም። ተቃዋሚው ግን እንዳሻው መጫወት ይችላል። እንደዚያም ሆኖ፣ በትክክል ከተሠራ ይህ ቀላል ስልት ከሁሉ ከተሻለው ጨዋታ በማሸነፍ ዕድል ቢበዛ 1.4 የመቶኛ ነጥብ ብቻ እንደሚያንስ አሳዩ። እኔ ይህን ሳነብ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ። ቺፕ ሲያንስ ጨዋታው ከእኛ የሚፈልገው ረቂቅነት ያን ያህል አይደለም።

አዲሶቹ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሌላ ነገር እንደሚያሳዩ አውቃለሁ። አንቴ ባለበት ጨዋታ ስሞል ብላይንድ ብዙ ጊዜ ሊምፕ ማድረግ፣ ማለትም ከፍ ሳያደርግ የጎደለውን ግማሽ ብቻ ሞልቶ መግባት ይችላል ይላሉ። አሥር ቢግ ብላይንድም ይዞ ቢሆን። ትክክል ናቸው። ግን ፕሮግራሙ ሊምፕ የሚያደርገው ደካማውንም ብርቱውንም እጅ ቀላቅሎ ነው፤ ከዚያም በኋላ በሚወጡት ካርታዎች ላይ ሳይሳሳት ይጫወታል። እኛ ሊምፕ የምናደርገው ስንፈራ ነው። ጎረቤታችንም ፍርሃቱን ያነበዋል። በ15ና በ20 ቢግ ብላይንድ ሊምፕን መማር ይገባል፤ እዚያ ቦታም አለው። በአሥርና ከዚያ በታች ግን መጀመሪያ መግፋትን እንልመድ።

አሁን ወንበሩን እንቀይር። ቢግ ብላይንድ ላይ ነን፤ ስሞል ብላይንዱ 20,000ውን ገፋ። እኛ የምንጨምረው 18,000 ነው። ብናሸንፍ የምንወስደው 42,000። 18,000ን ለ42,000 ስናካፍል 43 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከ100 43 ጊዜ ማሸነፍ ከቻልን መቀበል አያከስርም ማለት ነው። ኩዊንና 7 ያልታወቀ ማንኛውም እጅ ላይ 52 በመቶ ገደማ ያሸንፋል። ስለዚህ በሁሉም ካርታ የሚገፋ ጎረቤት ካለን ኩዊን ሰባት መጣል ስህተት ነው። ጎረቤታችን እንደ ወዳጄ ኪንግ አራት የሚጥል ዓይነት ሰው ከሆነ ግን ሲገፋ የያዘው ነገር አለ። ያኔ ኩዊን ሰባት ቦታው ጉድጓድ ነው። ሒሳቡ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሰውየውን ግን አይተካም።

ይህ ሁሉ ሒሳብ አንድ ቺፕ ሁልጊዜ አንድ ዋጋ አለው ብሎ ነው። በውድድር ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ሽልማት የሚከፈልበት ደረጃ ሲቀርብ፣ የምናጣው ቺፕ ከምናገኘው ቺፕ ይበልጥ ይከብዳል።

ከሁሉ በላይ ይህ የሚታየው ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን የትልቅ ውድድር መግቢያ ትኬት በሆነበት ውድድር ላይ ነው። ሳተላይት ይሉታል። አሜሪካዊው ክሪስ መኒሜከር በ2003 ላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ ላይ የተቀመጠው በኢንተርኔት በ86 ዶላር ሳተላይት አሸንፎ ነው። ከ839 ተጫዋቾች አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ስንቱ እሱን አይቶ እንደጀመረ ቤት ይቁጠረው።

እንግዲህ አራት ሰው ቀርቷል፤ ትኬቱ ሦስት ነው። የሁላችንም ቺፕ እኩል ነው። ከአራታችን የሚወድቀው አንድ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዳችን የትኬቱን 75 በመቶ ይዘናል። ስሞል ብላይንዱ ካርታውን እንኳ ሳያይ ኦል ኢን አለ። እኛ ቢግ ብላይንድ ላይ አስና ኪንግ አለን። ብንቀበልና ብናሸንፍ 100 በመቶ። ብንሸነፍ ዜሮ። መቀበል የሚያዋጣው ወደ 75 በመቶ ማሸነፍ ስንችል ነው። አስና ኪንግ፣ ምልክታቸው ከተለያየ፣ ማንኛውም ካርታ ላይ የሚያሸንፉት ግን 65 በመቶ ገደማ ነው። ምልክታቸው አንድ ቢሆን እንኳ 67። መጣል አለባቸው! ጥንድ 10 ነው መስመሩ ላይ የሚቆመው። ለዓመታት ስንጠብቀው የኖርነው ያ ቆንጆ እጅ፣ በምንም ካርታ ለገፋ ሰው ይጣላል።

ያንኑ ጠረጴዛ ከስሞል ብላይንዱ ወንበር እዩት። ጎረቤቱ አስና ኪንግ እንኳ መጣል እንዳለበት ካወቀ፣ መግፋት እንዴት ያለ ኃይል ነው! ግን ጎረቤቱ ማወቅ አለበት። ካላወቀ አስ ስድስት ይዞ ይቀበላል፤ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ፤ የሚጠቀሙት ዝም ብለው ያዩ የነበሩት ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰዓት ከመግፋቴ በፊት የጎረቤቴን ፊት አያለሁ። ሳተላይት ተጫውቶ ያውቃል? ቺፑን በየደቂቃው ይቆጥራል? የሌላው ጠረጴዛ ሰው መውደቁን ዘወር እያለ ይከታተላል? የሚከታተል ሰው ገብቶታል። እሱ ላይ እገፋለሁ።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። ኪንግ አራትን ብቻ አብረን አሰላን። 2,120ውን ሲያይ ዝም አለ። "ስንት ጊዜ ጥያለሁ መሰለህ" አለኝ በመጨረሻ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለ። እንደገና ስሞል ብላይንድ፣ ዘጠኝ ቢግ ብላይንድ፣ ጃክና 8። ገፋው። ልቡ እስኪሰማው ድረስ ይመታ ነበር አለ። ጎረቤቱ ትንሽ አሰበና ካርታውን ጣለ። ወዳጄ መሃል ያለውን ሰበሰበ፤ አዳዩ ካርታውን መበወዝ ጀመረ፤ ጠረጴዛው ላይ ስለዚያች እጅ ያወራ አንድም ሰው አልነበረም።