ነገር በምሳሌ፣ ወይን በጋን

አባት ልጁን የሰው ቤት ሥርዓት ሲያስተምር ያላየ የለም፤ አብዛኞቻችንም የተማርነው በቁንጥጫ ነው። ልጅ አባቱን «አባባ፣ ዛሬ የምንሄደው ጨዋ ቤት ነውና አቀማመጥ ላሳይዎት» ሲል ለማየት ግን አቴና ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የጥንቱ የግሪክ ኮሜዲ ጸሐፊ አሪስቶፋነስ «ተርቦች» የተሰኘውን ኮሜዲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ422 ለመድረክ አበቃ፤ ያውም ለወይን አምላኩ ለዲዮኒሰስ በሚከበር በዓል ላይ። (ርእሱን «ተረቦች» ብሎ ያነበበ የእኛ አገር ሰው ብዙም አልተሳሳተም።)

የጨዋታው ዋና ሰው ሽማግሌው ፊሎክሊዮን ሱሰኛ ነው። ሱሱ ግን መጠጥ አይደለም፣ ችሎት ነው። ጎህ ሳይቀድ ፍርድ ቤት ደጃፍ ይገተራል፤ በቀን 3 ኦቦል (የግሪክ ሳንቲም) እየተቀበለ በሰው ላይ ሲፈርድ ይውላል። ልጁ ብዴሊክሊዮን ቤቱን በመረብ አጥሮ ቢይዘው አልሆነም። በስንት መከራ ከችሎቱ ካላቀቀው በኋላ፣ በቃ እንደ ጨዋ ሰው ለብሶ ግብዣ ይሂድ ተባለ።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከልብስ ነው። የነተበ ካባውን አውልቆ ወፍራም የፋርስ ካባ ሲደረብለት «ከዚህስ ምድጃ ብታለብሰኝ» ብሎ አጉረመረመ። ቀጥሎ የስፓርታ ጫማ መጣ። አቴና ደግሞ ከስፓርታ ጋር ጦርነት ላይ ናት። አንዱን እግሩን እንደምንም አስገባ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «አይሆንም፣ አንዷ ጣቴ ስፓርታን አጥብቃ ትጠላለች» ብሎ ሙግት ገጠመ።

ከዚያ አጋደሙ መጣ። ግሪክ ሲጠጣ በግራ ክርኑ ደገፍ ብሎ ነውና፣ ሽማግሌው ጉልበቱን ዘርግቶ ዘና እንዲል፣ የቤቱን የነሐስ ዕቃ እንዲያደንቅ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን እንዲያይ ታዘዘ። ልጁ እየተጣደፈ «የእጅ ውኃ! ገበታ ይቅረብ! በላን፣ ታጠብን፣ አሁን ለአማልክቱ ጠብ እናድርግ» ይላል። አባት ዞር ዞር ብሎ አየና «የበላነው በሕልማችን ነው እንዴ?» አለ። እኔ ከጨዋታው ሁሉ የምወዳት ይህችን ነች፤ የተራበ ሰው ሥነ ሥርዓት ሲነገረው ሌላ ምን ይላል?

መጠጡ ላይ ሲደርሱ አባት አንገራገረ። ከወይን የሚገኘው በር መስበር፣ ቡጢና ድንጋይ መወራወር ነው፤ በማግሥቱ ደግሞ ራስህ እየፈለጠህ ካሳ መክፈል ነው አለ። ይህን ሁሉ የተናገረው አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ነው። ልጅ ግን አጽናናው፦ ከጨዋ ሰዎች ጋር ከጠጡ እነሱ ተበዳዩን ይለምኑልዎታል፤ አለዚያም ራስዎ የተረተኛውን የኤዞፕን ተረት ጣል ያደርጋሉ፣ ሰውዬው ስቆ ይሄዳል። እኛ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የምንለው መሆኑ ነው፤ ብቻ እዚህ ጠጁ ቀድሞ፣ ድብደባው ተከትሎ፣ ምሳሌው ለካሳ ቀረ።

ሽማግሌው ሄደ፤ ጠጣ። ተጋባዦቹን አንድ በአንድ ሰደበ፣ አሽከሩን ደበደበ፣ ዋሽንት ነፊዋን ልጅ ከግብዣው ይዞ ችቦ እያወዛወዘ ወጣ። መንገድ ላይ ያገኛትን ዳቦ ሻጭ በችቦው መትቶ የ10 ኦቦል ዳቦ በተነባት። ሴትዮዋ የሶቅራጥስን ጓደኛ ካይሬፎንን ምስክር ይዛ ስትመጣ ተማሪያችን ትምህርቱን አልረሳም። ኤዞፕ ማታ ከራት ሲመለስ አንዲት የሰከረች ውሻ ጮኸችበት፤ እሱም «ይህን ክፉ ምላስሽን ሸጠሽ ስንዴ ብትገዢበት ይሻልሽ ነበር» አላት፣ ብሎ ተረተላት። «ጭራሽ ታላግጥብኛለህ!» ብላ ለገበያ ሹሞች ከሰሰችው። ሌላ ተደብዳቢ መጣ፤ ለእሱ ደግሞ ስለ ተሰበረ ማሰሮ ተረተለት። ማሰሮው ምስክር ሲጠራ የሰበረችው ሴት «ምስክሩን ትተህ ማሰሪያ ብትገዛ ይበጅህ ነበር» አለችው ይላል ተረቱ። ልጅዬው በመጨረሻ አባቱን ተሸክሞ ወደ ቤት አስገባ።

ኋላ የመጣው ኮሜዲ ጸሐፊ ዩቡለስ ዲዮኒሰስን ራሱን መጠን ያስነግረዋል። ለአስተዋይ 3 ጋን ይበቃል፤ አንዱ ለጤና፣ አንዱ ለፍቅር፣ አንዱ ለእንቅልፍ። 4ኛው የእኔ አይደለም፣ የብልግና ነው ይላል። 7ኛው ዓይን ያጠቁራል፣ 8ኛው ፍርድ ቤት ያስጠራል፣ 10ኛው ያሳብዳል፣ ዕቃ ያስወረውራል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ በውኃ የተበረዘ ወይን ነው።

አሪስቶፋነስም በሰካራም የሚቀልደው የራሱ ቁስል እያለበት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 አንጋፋውን ኮሜዲ ጸሐፊ ክራቲኖስን «የጃጀ ጠጪ» አድርጎ በመድረክ ተሳለቀበት። ሽማግሌው ዝም አላለም። በዓመቱ «የወይን ኮዳ» የሚል ጨዋታ ጽፎ መጣ፤ በጨዋታው የራሱ ሚስት ኮሜዲ ናት፣ ባሌን መጠጥ የምትባል ነጠቀችኝ ብላ ትከሳለች። በበዓሉ ውድድር አንደኛ ወጣ። የአሪስቶፋነስ «ደመናዎች» ሦስተኛ ሆነ። ቀጣዩ ዓመት 422 ነው፤ አሪስቶፋነስ ማንም የማይችለውን ሰካራም ሽማግሌ ይዞ ብቅ አለ፣ መጨረሻ ላይም ወጣቶቹን ጨፋሪዎች «ኑ፣ ይዋጣልን!» እያስባለ መድረክ ላይ አስጨፈረው።