ብርዱ መርዶ ነጋሪ እንጂ ገዳይ አይደለም

ዝም ብዬ ልውጠው ብዬ ነበር። አልዋጥ አለኝ። ስለ መኪና ባትሪ ነው የምጽፈው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ። ሰው ቡናውን ይዞ ወደ ሥራ ሲገባ እኔ አልጋዬን እያሰብኩ እወጣለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊትም ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ነው። እዚህ አገር በፋራናይት «20 ሲቀነስ» ይሉታል። የአፍንጫ ፀጉር እንደ ሽቦ የሚደርቅበት ብርድ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ ድንጋይ ሆኗል። ቁልፉን አዞርኩ። ጢቅ። ደገምኩ። ምንም። ክሩስኮቱ ላይ የነበረችው ደብዛዛ መብራትም ጠፋች።

ሦስተኛዬ ነው። በአንድ ክረምት። ያውም አዲስ ባትሪ ከገዛሁ ወዲህ!

አዲስ አበባ ቢሆን ምን ችግር አለ? ሁለት ጎረምሳ ጠርተው «እስቲ ግፉልኝ» ይላሉ። ፍሪሲዮን ረግጠው፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ለቀቅ ሲያደርጉት ግር ብሎ ይነሳል። ለልጆቹ የሻይ ይሰጣሉ፤ አለቀ። እዚህ የሁላችንም መኪና አውቶማቲክ ነው፤ ቢገፉት አይነሳም። ደግሞ በዚያ ብርድ ማን ወጥቶ ይገፋልኛል?

ገፊ ባይኖርም መካሪ ግን ሞልቷል። ሀበሻ በሰው መኪና ላይ ሁሉም መካኒክ ነው። ከእኔ ጋር የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ ኮፈኑን ሳይከፍቱ «ልጄ፣ ይሄ ባትሪ አይደለም፣ ዲናሞ ነው» አሉኝ፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ማለታቸው ነው። የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ሆኖ «ሞተሪኖው ነው» አለ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ማለቱ ነው። አንዷ «ማታ ማታ ባትሪውን ነቅለሽ ቤት አስገቢው» አለችኝ። 16 ኪሎ የሚከብድ ነገር ሦስተኛ ፎቅ ድረስ! ሌላው ደግሞ «ጋራዥ ውስጥ ለምን አታቆሚውም?» አለኝ። ጋራዥ ቢኖረኝ እዚህ ቆሜ ከአንተ ጋር አወራ ነበር ወይ?

ይሄ ጋራዥ የሚሉት ነገር በጣም ነው የሚያበሳጨኝ። እዚህ አገር ስለ ክረምት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ቤት ላለው ሰው ነው። ብሎክ ሂተር የሚባል የሞተር ማሞቂያ አስገጥሚ፣ ማታ ሶኬት ላይ ሰኪው ይላሉ። የባትሪ ብርድ ልብስ ግዢ ይላሉ፤ እሱም በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሞላ ቻርጀር አለልሽ ይላሉ። የት ልሰካው? መንገድ ላይ ነው የማድረው፤ መኪናዬ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ሞት ደግሞ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነበር፣ ያውም በበረዶ ማግስት። የሚኒያፖሊስ ሰው ያውቀዋል። ከባድ በረዶ ወርዶ «ስኖው ኢመርጀንሲ» ከታወጀ መኪና ማቆሚያው በተራ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ዋና ዋና መንገዶች ይጠረጋሉ። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ቤቶች ባሉበት በኩል ማቆም ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀን ጎዶሎው ጎን። እኔ ሙሉው ጎን ላይ ነኝ፤ መኪናው አይነሳም። ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር አያይዞ የሚያስነሳ ኬብል ያለው ሰው ስፈልግ፣ ስደውል፣ ስለምን ተጎትቶ ሄደ። የቅጣቱንና የመጎተቻውን ሒሳብ እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ፌስቡክ ላይ አለች።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ጋሼ ኬብላቸውን አምጥተው ቀዩን ሊያያይዙ ሲሉ፣ ጎማ ቤት የሚሠራ አንድ አገር ልጅ ለሌላ ሰው መጥቶ ኖሮ አየን። አዲስ አበባም መካኒክ ነበር። ባትሪውን ጎኑን ዳበስ ዳበስ አደረገና «ጋሼ፣ ይተውት፤ በረዶ ሆኖ ረግቷል» አለ። ጎኑ አብጧል። እኔ ባትሪ ይረጋል ብዬ አስቤም አላውቅ። ለካ ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ በዚህ ብርድ አይረጋም። ቻርጁ ሲወርድ ግን ውስጡ ያለው አሲድ ወደ ውሃነት ይቀርባል። ጭራሽ ባዶ የሆነው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ ይሆናል። የረጋ ባትሪ ላይ ኬብል ከሰኩ ሊፈነዳ ይችላል። ጋሼ ኬብላቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። «ቢሆንም ዲናሞው መታየት አለበት» አሉ።

መካኒኩ «ከቤትሽ ሥራሽ ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰባት ደቂቃ አልኩት። ሳቀ። «ካሜራ አስገጥመሻል?» አለኝ። አዎ፣ አምና ከኋላ ገጭቶኝ ያመለጠ ስላለ አስገጥሜያለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቀርጻል። ደግሞ ሳቀ። መሳቁ አናዶኝ ነበር፣ ግን ገባኝ።

ባትሪ ማለት እቁብ ነው። ሞተር ስታስነሱ መጀመሪያ ትበላላችሁ፤ ከዚያ እየነዳችሁ ቀስ በቀስ ትከፍላላችሁ። እኔ ጠዋትና ማታ እበላለሁ፣ ከዚያ ሰባት ደቂቃ ነድቼ አጠፋለሁ። በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ደግሞ ማሞቂያው አለ፣ የኋላ መስታወት ማቅለጫው አለ፣ የወንበሩ ማሞቂያ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ስልኬም ቻርጅ ላይ ነው። ዲናሞው ለእነሱ አድሎ ለባትሪው የሚተርፍ ነገር የለም። ሌሊት ደግሞ ካሜራው ይበላል። እቁብ በልቶ እንደጠፋ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ «ባትሪው ከዳኝ» እላለሁ።

«ቆሞ ለ10 ደቂቃ አስነሺው፣ ይሞላል» የሚሉትም አሉ። አይሞላም። ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ማስነሻው የበላውን ቢመልስ ነው። ነዳጅ ማቃጠል ነው ትርፉ።

ብርዱስ ታዲያ? ብርዱ መርዶ ነጋሪ ነው፤ ገዳዩ ሌላ ነው። ባትሪን በውስጥ የሚበላው የበጋ ሙቀት ነው፤ እዚህ ጁላይ ላይ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን አለ። ሙቀት ውሃውን ያደርቃል፣ የእርሳሱን ፕሌት ያዝገዋል። በጋ ሙሉ ታሞ ቆሞ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሙቅ ስለሆነ በትንሽ ጉልበት ይነሳለታል። ብርድ ሲመጣ የሞተር ዘይት እንደ ቀዘቀዘ ማር ይወፍራል፣ ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ያኔ ደግሞ ጤነኛው ባትሪ እንኳ ከአቅሙ ከግማሽ በታች ነው የሚሰጠው። የታመመው ምን ይሁን?

አሁን ግዢውን ልንገራችሁ፤ ንዴቴ ያለው እዚህ ነው። ኖቬምበር ላይ አሮጌው ባትሪ ሲሞት ሱቅ ሄጄ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው ይረክሳል?» የ3 ዓመት ዋስትና አለው አሉኝ። ዋስትና ሲሉኝ ቀለጥኩ። ዲሴምበር ላይ ሲሞትብኝ ወሰድኩላቸው፤ ቻርጅ አደረጉና «ጤነኛ ነው» ብለው መለሱልኝ። ጃንዋሪ ላይ ሲሞት በነፃ ቀየሩልኝ፣ በዚያው ዓይነት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! መካኒኩ ግን ላዩ ላይ የተመታችውን ፊደል አሳየኝ። ብዙዎቹ ባትሪዎች ላይ ፊደሏ የተሠራበት ወር ናት፣ ቁጥሯ የዓመተ ምህረቱ የመጨረሻ አኃዝ። ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። የእኔ ሲ ናት። ከማርች ጀምሮ 10 ወር መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ እየወረደ የቆየ ባትሪ ነው «አዲስ» ብለው የሰጡኝ። ባትሪ ቁጭ ብሎም ይወርዳል። ዋስትና ባትሪ ይቀይር ይሆናል፤ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ በ29 ዲግሪ ብርድ መኪና አያስነሳም።

የሚታየው ሌላ ነው። ባትሪው ላይ ሲ.ሲ.ኤ. የሚል ቁጥር አለ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ለ30 ሰከንድ፣ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ስንት አምፒር እንደሚሰጥ ነው የሚናገረው። ማስነሻውን የሚያሳየው እሱ ነው። የእኔ ርካሽ 550 ነበር። 640ው ትንሽ ነው የሚወደደው፤ ሻጩም አላነሳልኝም። ከሚያስፈልገው በላይ ያለው ሞተሪኖ ያቃጥላል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ሞተሪኖ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። ልኩ ግን ሊገጥም ይገባል፤ የእኔ ኮሮላ «35» የሚባለውን ነው የምትወስደው። ኤ.ጂ.ኤም. የሚባለው ውድ ዓይነትስ አልኩት መካኒኩን። «ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩ ለሚጠፋ መኪና ነው፤ ለአንቺ 640ው ይበቃል» አለኝ። ገንዘብ ሊያስወጣኝ ሲችል አለማስወጣቱን አልረሳለትም።

ይሄንን ሁሉ ሳስብ ይበልጥ የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ጃንዋሪ 30፣ 2019 እዚህ ከተማ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገብቶ ነበር። ፖስታ እንኳ አልታደለም። ያን ቀን ይህችው ኮሮላ በመጀመሪያ ቁልፍ ተነስታለች። ያኔ ሥራዬ ብሉሚንግተን ነበር፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ እቁቡን እከፍል ነበር ማለት ነው። ስለ ባትሪው አንድም ነገር አላውቅም፤ አለማወቄንም አላውቅም።

አሁን አዲሱ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሽቦውን ከባትሪው ጋር በሚያያይዘው ሞርሴቶ ላይ የነበረውን ነጭ አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጠብኩት። ሃያ ዶላር የማትሞላ መለኪያ ገዛሁ፤ መኪናው ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነኝ። ካሜራው ሌሊት ይጠፋል፤ የሚገጨኝ ካለ ቀን ይምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ በ94 አውራ ጎዳና ሴንት ፖል ደርሼ እመለሳለሁ። ሰበብ እንዳይጠፋ እንጀራ እገዛለሁ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ብዙ የመለዋወጫ ሱቅ በነፃ ይመረምራል፤ እስከዛሬ ለምን እንዳልሄድኩ አትጠይቁኝ።

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። ፓርኪንግ ላይ ናቸው፣ መኪናቸው እምቢ አለ። «ልጄ፣ ኬብል አለሽ አይደል?»

«ጋሼ፣ ዲናሞው እንዳይሆን» አልኳቸው። ከዚያ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ።