ይድረስ ለአቶ ዝዝዝ (ከስፒከር ለሚሰማው የመብራት ጉርምርምታ)

ጉዳዩ፦ አባትነትን ስለ መካድ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የደብዳቤ ወጉ ቀጥሎ «ከናፍቆትዎ በስተቀር እኛ ደህና ነን» ያስብላል፤ እሱን ግን ይቅር ይበሉንና እንዝለለው። የአምፑ (የድምፅ ማጉያው) ስፒና ሶኬቱ ውስጥ ሳይደላደል ከተፍ የሚሉ ሰው መቼ ርቀው ይናፍቃሉ? «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው በማን እንደሆነ የሚገባው እርስዎን ያወቀ ሰው ነው።

ይህን የምንጽፍልዎ በሠርግ አዳራሽ፣ በሆቴል ምሽትና በክለብ ቤዝ ጊታር ይዘን የምንቆም ሰዎች ነን። ሳውንድ ማኑ «ኖይዝ» ይልዎታል፤ ኪቦርዲስቱ «የቤዙ ነገር» ይልዎታል፤ ዘፋኙ ስም አያወጣልዎትም፣ ዞር ብሎ እኛን ብቻ ያያል። ወፍራም ድምፅ ሁሉ የእኛ ልጅ ነው ተብሎ ስለሚታመን እርስዎም በእኛ ስም ይጠራሉ። አልወለድንዎትም።

መጀመሪያ ድምፅዎን እንመስክር። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ እርስዎም በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባሉ። የቤዛችን ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ሦስተኛው ፍሬት (የአንገቱ ክፍልፋይ) ላይ ያለችው ጂ የምትባል ኖታ 49 ኸርዝ ናት። ስለዚህ እርስዎ ጂ ነዎት፤ ግን የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ያሉ ጂ። ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው፦ ክሩን ማንም ሳይነካው የወለሉ ቱነር (መቃኛ) ላይ ጂ ይበራል፣ መርፌውም ወደ ቀኝ አጋድሎ ይቆማል። ስንት ዓመት ሲጫወቱ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ተቃኝተው አለመምጣትዎ ይገርማል።

«ጂ ከሆነ ምናለበት?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ዘፋኙ የትዝታን ቅኝት ከሲ ኖታ ከጀመረው በእርግጥ ዘመድ ይመስላሉ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ውስጥ ጂ ስላለች ሞቅ እንዳለው አጎት ከጥግ ሆነው ያንጎራጉራሉ። በዚያው ሲ ባቲም አምባሰልም ጂን አያጡም። ጉድ የሚፈላው አንቺ ሆዬ ሲመጣ ነው፤ የሠርግ ዘፈን ደግሞ አንቺ ሆዬን ይወዳል። እዚያ ያሉት ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ናቸው። ጂ አልተጋበዘችም። እኛ በ46 ኸርዝ አካባቢ ጂ ፍላታችንን ይዘን ስንቆም፣ እርስዎ ከላይ በ50 ይቀመጡብናል። ሁለቱ ሲጋጩ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል «ዋው ዋው ዋው» ይላል፤ ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ ከመድረክ ወፍጮ ቤት ይሰማሉ።

ኖታ ላይ እንዳንጽፍዎት አይደለም፤ ቦታማ አለዎት። የቤዝ ኖታ ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በእጥፍ ኸርዝ) ከፍ ተደርጎ ስለሚጻፍ፣ እርስዎ በቤዝ ክሌፍ (ወፍራም ድምፅ በሚጻፍበት አምስት መስመር) የታችኛው መስመር ላይ፣ ከመጀመሪያው ባር (የምት ክፍል) እስከ መጨረሻው የታሰረ ሙሉ ኖታ ይሆናሉ። አቀናባሪው ለእኛ 4 ባር ዕረፍት ሲጽፍልን ለእርስዎ የ4 ባር ሶሎ ጻፈ ማለት ነው። ዘፋኙ መድረክ ላይ «ግማሽ ከፍ አድርጉልኝ» ሲል ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ ተጭኖ ይገላገላል፣ እኛ ወረቀቱን ረስተን ጣታችንን እናንቀሳቅሳለን። እርስዎ ንቅንቅ የለም።

ባሕር ማዶም ዝናዎን ሰምተናል። ቴል አቪቭና ዱባይ እንደ አዲስ አበባ በ50 ኸርዝ ስለሚሠሩ እዚያም ያው ከፍ ያለ ጂ ነዎት። ዋሽንግተንና ሪያድ ግን 60 ነው፤ 60 ደግሞ ከቢ ፍላት በግማሽ ድምፅ እኩሌታ ከፍ፣ ከቢም በዚያው ልክ ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱ ኖታዎች ድንበር ላይ ቆመው ለአንዱም ግብር አይከፍሉም። እዚያ የሚጫወቱ ወገኖቻችንን እናዝንላቸዋለን፤ ከእርስዎ ጋር ልቃኝ ቢሉ እንኳ የሚቃኙበት የለም።

በአገር ቤት የምትቃኙበት አንድ ጊዜ ግን አለ። መብራት ይሄዳል፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ጀነሬተሩ ይነሳል። ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጫነው ሞተሩ ያቃስታል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲወርድ ኸርዙም ይወርዳል። እናም 49 ላይ ሲደርስ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ አቶ ዝዝዝ እንከን የሌለው ጂ ይሆናሉ! ከዚያ ጭነቱ ይቀላል፣ ሞተሩ ይፈጥናል፣ እርስዎም ወደ ድሮ ጠባይዎ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ምርመራው። የቤዙን ቮልዩም ዜሮ ስናደርገው ጭጭ ካሉ ሽንፈታችንን እንቀበላለን፤ ያደሩት ቤዙ ውስጥ ነው። ዜሮም ሆኖ ከቀጠሉ ገመዱን ከአምፑ እንነቅላለን፤ ምንም ሳይሰካበት አምፑ ብቻውን የሚያንጎራጉር ከሆነ የአምፑ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያረጀ ካፓሲተር። ይኼ በ50 ሳይሆን በ100 ኸርዝ፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ስለሚሰማ የእርስዎ ታናሽ ወንድም ነው ብለን መዝግበነዋል። ከአምፑ ሳይሆን ከአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ብቻ የሚሰሙ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሰፊ ነው፤ እንመለስበታለን።

እጅም ይመሰክራል። ክሩን ስንነካ ከቀነሱ ነገሩ ጤና ነው፣ ክሮቹ በብሪጁ (በሚታሰሩበት ብረት) በኩል ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወስደው ሽቦ) ጋር ስለተያያዙ። ስንነካው ካልተለወጡ ከብሪጁ ሥር የምትገባው ቀጭን ሽቦ ተነቅላለች። ስንነካው ከባሱ ግን የኧርዙ መንገድ የሆነ ቦታ ተቆርጧልና ቤዙን አስቀምጦ መፈለግ ነው።

የሚቆረጥበትን ቦታ ደግሞ እርስዎም እኛም እናውቀዋለን፤ የቤዙ ጃክ (ገመዱ የሚሰካበት) ነው። ገመዱን ሰው ይረግጠዋል፣ ይስበዋል፤ የጃኩ ዳዶ ይላላል። የላላ ጃክ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር በቦታው ይሽከረከራል፤ ከውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎችም፣ የታሰረች ፍየል በችካሏ ዙሪያ ገመዷን እንደምትጠመጥመው፣ ይጠመጠማሉ። መጨረሻ ላይ አንዷ ትበጠሳለች። የሲግናሏ ከተበጠሰች ቤዙ ዝም ይላል፤ የኧርዟ ከተበጠሰች ግን እርስዎ በሙሉ ግርማ ሞገስ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ደግ ሰው ፒንሳ ይዞ ይመጣና ዳዶውን ከውጭ ያጠብቃል፤ ከዳዶው ጋር ጃኩም ይዞራል፣ ያልተበጠሰችውም ትበጠሳለች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሽፋኑ ይፈታል፣ ጃኩ ከውስጥ በጣት ይያዛል፣ ዳዶው በ13 ቁጥር ቁልፍ ይጠብቃል፣ የተበጠሰችው በሊድ ትበየዳለች። ከዚያ በኋላ ገመዱን በማንገቻው ውስጥ አሳልፎ መሰካት ነው፤ የሚረግጠው ሰው የሚጎትተው ማንገቻውን ይሆናል። ጫፉ በፕላስቲክ ተደፍኖ የተሠራውን ርካሽ ገመድ ግን ከፍቶ መጠገን ስለማይቻል፣ የተበጠሰ ዕለት ልብስ ማስጫ ይሆናል።

ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበለው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ) ውስጥ ማደርዎንም አንክድም። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስለነበረው በሩ ክፍት ነበር። በ1957 ጥቅሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው ሲጠመጠሙ እርስ በርስ ያጠፉዎት ጀመር። ጃዝ ቤዝ ግን ሁለት ነጠላ ፒክአፕ ነው ያለው፤ ሁለቱም ቮልዩም እኩል ሲሆኑ የሉም፣ አንዱን ትንሽ ዝቅ ስናደርግ ብቅ ይላሉ። ቆንጆዋን የኋላ ፒክአፕ ለብቻዋ ማጫወት ያማረን ቀን የግድ ከእርስዎ ጋር ነው። ያኔ ወደ ጎን ዞር ብሎ መቆም ይረዳል፤ ከአምፑ ትራንስፎርመር አንጻር አንግሉ ሲቀየር ይቀንሳሉ። ታዳሚው ያኮረፍን ይመስለዋል።

ፎይል ላይ ተስፋ የጣሉ ወንድሞች አሉ። የቤዙን ሆድ በመዳብ ቴፕ መሸፈን ጥሩ ነው፤ ቴፑ እርስ በርሱ ተደራርቦ ከኧርዝ ጋር መያያዝ አለበት። የወጥ ቤቱን አሉሚኒየም ፎይል የሚጠቀም ሰው በሊድ ለመበየድ ባይደክም ይሻለዋል፣ አይዝለትም፤ ሽቦውን በብሎን አጥብቆ ያስነካው። ይሁንና ይኼ ሁሉ የሚያስቆመው የኒዮንና የዲመር መብራቱን ጭርርታ ነው። ከትራንስፎርመር የሚመጡት እርስዎ ፎይሉን እንደ ነጠላ አልፈውት ይገባሉ።

እንመለስበታለን ያልነው ይኸው። አምፑ መድረክ ላይ ካለ ሶኬት ይሰካል፤ ሚክሰሩ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ 30 ሜትር ርቆ፣ ከሌላ ሶኬት። ሁለቱም ኧርዝ አላቸው፤ የሁለቱ ኧርዝ ግን በትንሽ ቮልት ይለያያል። በመካከላቸው የቤዙ መስመር ሲዘረጋ የገመዱ ሽፋን ሽቦ ሁለቱን ኧርዞች ያገናኛል፣ ልዩነቱ በእሱ ላይ ይፈስሳል፣ እርስዎም በቀይ ምንጣፍ ይገባሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ወይ መድረኩንና ሚክሰሩን ከአንድ መስመር ማብላት፣ ወይ በመካከል ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ማስገባትና ጎኑ ላይ ያለችውን፣ የድምፅ ገመዱን ኧርዝ ብቻ የምታላቅቀውን የግራውንድ ሊፍት ማብሪያ መጫን። አንዲት ጣት፣ አንዲት ጠቅታ። ሳጥኗን ሳውንድ ማኑ «አለችኝ» ይላል፤ ስትፈለግ ግን ሌላ ሠርግ ላይ ናት።

ሦስተኛ መድኃኒት የሚሉት አለ፤ በእሱ ላይ ቀልዱን እናቆማለን። የስፒናውን አረንጓዴና ቢጫ የኧርዝ ሽቦ መቁረጥ። ሲቆረጥ እርስዎ በእርግጥ ይጠፋሉ። ግን አምፑ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር 220 ቮልቱ በቆርቆሮው፣ በገመዱና በብሪጁ አልፎ ክሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቤዚስቱ ለአጃቢነት ማይክ ሲጠጋ ከንፈሩ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆንለታል። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በ1972 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዙ ያልተስተካከለ ማይክ ነክቶ ሞቷል። ኧርዙ የስም ብቻ የሆነ፣ ከሶኬቱ ኋላ ሽቦ ያልታሰረበት አዳራሽም አለ፤ ማይክ ከንፈር የሚነዝረው እዚያ ነው። ከመጀመር በፊት የማይኩን ወንፊት በቴስተር መንካት 5 ሰከንድ አይፈጅም።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ አባራሪዎችዎ ነው። ሳውንድ ማኑ እርስዎን ለማስወጣት ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያው) ላይ ከ50 እስከ 100 ኸርዝ ያለውን ይቆርጣል። ኤ ክራችን 55 ነው፤ ዲ 73፤ ጂ 98። ቤታችንን አፍርሶ እርስዎን በረንዳው ላይ ትቶዎት ይሄዳል፣ በ150 እና በ200 ላይ ያሉት ልጆችዎ ቀርተዋልና። ከዚያ ሠርገኛው «ቤዙ አይሰማም» ይላል። አዎ፣ አይሰማም።

ቅዳሜ 9 ሰዓት ሳውንድ ቼክ አለ። ትርፍ ገመድ፣ 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ቴስተርና የራሳችንን ዲአይ ቦክስ ይዘን እንመጣለን። ቀድመውን እንደሚገኙ ስለምናውቅ አድራሻውን አልጻፍንልዎትም።

ከሰላምታ ጋር
ቤዚስቶቹ፣ ከኢ፣ ኤ እና ዲ ክሮቻችን ጋር

ግልባጭ፦
ለሳውንድ ማኑ
ለጀነሬተሩ ጠባቂ
ፒንሳ ይዞ ለሚመጣው ደግ ሰው
ለጂ ክር፤ በሥጋ ዝምድና ምክንያት ከፊርማው ስለወጣች፣ ለመረጃ ያህል